የጎረቤቴ ስለት በጣና ላይ

በዚያ ጠዋት ባሕር ዳር ወደብ ላይ አራት ሰዎች ነበርን። ባለጀልባው ጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ገመዱን ይዟል። አስተማሪዋ ጓደኛችን አንድ እግሯን ጀልባዋ ውስጥ፣ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጎረቤቴ ከእሷ ኋላ ናት፤ በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ደረቷ ላይ አቅፋለች። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ውሃው የማይደርስበት ደረጃ ላይ ነበርኩ።

«እማማ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ» አለ ባለጀልባው። «ጀልባና መሬት አንድ ላይ አይረገጡም።»

«ተወኝ እስቲ፣ እያሰብኩ ነው» አለችው አስተማሪዋ።

«ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ተቀመጡ ስትል ኖራ ዛሬ ራሷ መቀመጥ አቃታት» አለች ጎረቤቴ።

በመጨረሻ ተያይዘን ገባን። ባለጀልባው ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሰን። ጎረቤቴ ሻሿን አስተካክላ ሰደርያውን ከላይ ደረበችና ወደ እኔ ዞራ «ምን እመስላለሁ?» አለችኝ። የተጫነ አህያ ትመስያለሽ አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ውሃውን እያየሁ ነበር።

ሦስታችንም የወሎ፣ የመካነ ሰላም ሰዎች ነን። ለእኛ አገር ሰው ውሃ ከገደል ሥር ያለ ነገር ነው። ዓባይ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ የምናውቀው ግን ከአፋፍ ቆመን ቁልቁል እያየን ነው። ክረምት ሊሻገር ወርዶ የቀረ ሰው በየዘመዱ ቤት አይጠፋም። ለመዝናናት ብሎ ውሃ ላይ መውጣት በእኛ ዕድሜ ሰው ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። የጋበዘችን የአስተማሪዋ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ትሠራለች። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ደወለችና «እማዬን ይዛችሁ ኑ፣ ጀልባ ላስይዝላችሁና ጥቂት ቀን ሽርሽር በሉ» አለችን። አስተማሪዋ ሽርሽር የሚለውን ቃል ለአርባ ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስታስተምር እንደኖረችና አንድ ቀንም እንዳልሄደችበት ነገረችን።

ጎረቤቴ ግን ሽርሽር አላሰበችም። እሷ ስለት ነበረባት፤ ስለቱም የእኔ ነበር።

እሷ ሙስሊም ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ። ቤታችን በአንድ አጥር ይዋሰናል። ባሌ ከሞተ፣ ልጆቼም አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ማታ መብራቴ ካልበራ አጥሩን የምትደበድበው እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሆዴን ታምሜ ደሴ ተወሰድኩ፤ ሐኪሞቹም ቀደዱኝ። ልጆቼ መጥተው ሥራቸው ጠርቷቸው ተመለሱ። እሷ ሱቋን ዘግታ ከአልጋዬ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። ቁስሉ አመርቅዞ ብዙ ቀን ራሴን አላውቅም ነበር።

አጠገባችን የተኛች አንዲት የጎጃም ሴት ጣና ላይ ስላለው የገብርኤል ደሴት ታወራ ነበር አሉ። የለመነውን ሰው ልመና ሰምቶ አያልፍም እያለች። ጎረቤቴ ይህን ሰማች። ገብርኤልን እሷም ታውቀዋለች፤ ጅብሪል ትለዋለች። ውዱ አድርጋ፣ ለስግደት እንደሚታጠቡት ታጥባ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆመችና እንዲህ ብላ ተሳለች፦ «ይችን ሴት አድነህ ወደ ቤቷ ከመለስክልኝ፣ መጋረጃ በገዛ እጄ አስገባልሃለሁ።»

ይህን ሁሉ የሰማሁት ባሕር ዳር ልንሄድ ስንዘጋጅ ነው። መጋረጃውን አውጥታ አሳየችኝ። ከሱቋ ውስጥ ምርጡን ጨርቅ ቆርጣ በእጇ የሰፋችው፣ ከታች ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። አስተማሪዋ ስታየው «ቤተ ክርስቲያኑን መስጊድ ልታስመስይው ነው?» አለቻት።

«አረንጓዴ በባንዲራችን ላይም አለ» አለች ጎረቤቴ። «ባንዲራውን መስጊድ ነው የምትይው?»

እኔ ስፌቱ ጥሩ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ለሽርሽር ነበር፤ ጎረቤቴ ግን መጋረጃውን ቤት ጥዬ አልወጣም ብላ ይዛው ነበር። ጀልባዋ የሸራ ጥላ ያላት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ያላት ነች። ሞተሩ ሲነሣ ሦስታችንም አግዳሚውን ጨበጥን። ጥቂት እንደሄድን ግን ውሃው ዝም ያለ ሆኖ አገኘሁት። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች እንጨት ጭነው በአጠገባችን አለፉ፤ እነሱ ሰላም አሉን፣ እኛም ሰላም አልን፤ ልክ በገበያ መንገድ ላይ እንደሚገናኝ ሰው። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠው አየን። ባለጀልባው ራቅ ብሎ ጉማሬ አሳየን። እኔ ሁለት ጆሮ ብቻ አየሁ። አስተማሪዋ ሙሉውን እንዳየች ነገረችን።

ከባሕሩ ዳር ጭስ አየን፤ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ነው። እዚያ ወርደን ምሳ በላን። ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። በእኛ አገር ግን ክርስቲያንና ሙስሊም እንጀራውን አብሮ ይበላል፤ ሥጋ ሲሆን ሁሉም የራሱን ይበላል። በሠርግም በለቅሶም ሁለት ድስት ይጣዳል። እኔና ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ዓመት ስንኖር ሥጋ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። ዓሣ ደግሞ ቢላዋውን ማን ያዘው አይባልበትም። አስተናጋጇ አንድ ትልቅ ሳህን መሐላችን አስቀመጠች። ጎረቤቴ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እንግዲህ እቴ» አለች፣ «ለዚህ ነው ከተራራ ወርደን የመጣነው።»

ከዓሣው ራስ በኩል ያለውን ሥጋ እየላጠች ወደ እኔ አደረገችው። እሾሁን ለይታ። ሆስፒታል ሳለሁ እንዲሁ ነበር የምታጎርሰኝ። ስለ ዓሣው ብቻ ተነጋገርን።

ዓሣውን ሳንጨርስ ጎረቤቴ ባለጀልባውን የገብርኤል ደሴት ወዴት እንደሆነ ጠየቀችው። በጣቱ አሳያት። ዛፍ የሸፈነው ትንሽ ጉብታ ነው።

«ነገ እዚያ ታደርሰናለህ።»

«ላደርሳችሁ እችላለሁ፣ እናቴ» አለ። «ግን ሴት አትገባም። የወንዶች ገዳም ነው። ሴት እግሯ የደሴቱን መሬት አይነካም።»

ጎረቤቴ እጇን ከሳህኑ አነሣች። ከዚያ በኋላ አልበላችም። የጎጃሟ ሴት ይህን አልነገረቻትም ነበር፤ ምናልባት ባሏን ይሆናል የምትልከው። እኔ ስለ ወንዶች ገዳማት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይኼ ደሴት ከእነዚያ አንዱ መሆኑን ግን አላወቅሁም። ጎረቤቴ ደግሞ ከየት ታውቅ።

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ አስገባልዎታለሁ» አለ ባለጀልባው። ደግ ሰው ነው።

«በገዛ እጄ ብያለሁ፣ ልጄ።»

ማታ የአስተማሪዋ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጎረቤቴ ሰግዳ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እሷ ዝም ስትል አልወድም፤ በእኛ መካከል ዝም የምለው እኔ ነኝ።

«ስለቱ ለእኔ አይደል?» አልኳት። «እኔ ደግሞ ይኸው ድኛለሁ። በባለጀልባው እጅ ቢገባ ግድ የለኝም።»

«አንቺ ግድ ባይኖርሽ» አለች፣ «ስለቴን የተቀበለኝ ግድ አለው።»

ደግሞም «ስለት ካልገባ በሽታው የመጣበትን መንገድ አይረሳም» አለች።

በዚህ የምታምነው ከልቧ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ካርድ ክፍል የሠራሁ ሰው ሆኜ፣ እጄ ሳላስበው ጠባሳዬ ላይ ሄደ።

በማግስቱ እንሂድ አለች። ባትገባ እንኳ ከውሃው ላይ ሆና ለጅብሪል ትነግረዋለች። ጀልባዋ ላይ ወጣን። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛለች። አስተማሪዋ ከፊቷ ተቀምጣ ብዙ ስታስብ ቆየች።

«ቃሉን ድገሚልኝ» አለቻት። «ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«መጋረጃ በገዛ እጄ አስገባልሃለሁ።»

«አስገባለሁ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እገባለሁ አላልሽም?»

«አስገባለሁ አልኩ እንጂ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች አስተማሪዋ። «ገባ አንድ ግስ ነው፤ አስገባ ሌላ ግስ ነው። ፊቱ ላይ አስ ስትጨምሪ የምትገቢው አንቺ አይደለሽም፤ የሚገባው መጋረጃው ነው። አንቺ አስገቢ ነሽ። ይህ ያልገባውን ስንቱን ተማሪ በፈተና ጥዬዋለሁ።»

«አላለቀስኩም።»

«ልታለቅሺ ነበር።»

«ጅብሪል ሰዋስው ያውቃል ወይ?» አለች ጎረቤቴ።

«ከእኔ ይበልጣል» አለች አስተማሪዋ።

ባለጀልባው ሳቁን ሊይዝ ፊቱን አዞረ። ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩን እያገላበጠች ነበር። «መግባቱስ ይሁን» አለች። «በእጄ ያልኩትስ?»

ደሴቱ ሥር ስንደርስ ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ተጣራ። ብዙ ጠበቅን። ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች፤ ዛፎቹ ውስጥ ወፍ ይጮሃል። ቆይተው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው በድንጋዩ ደረጃ ወረዱ። ውሃው ዳር ቆሙ። ባለጀልባው ስለት የያዘች እናት መኖሯን ነገራቸው።

«እሰይ» አሉ። «ክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፣ ልጄ፤ በጸሎት እንዳስብሽ።»

ይህን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር። ጎረቤቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እውነቱን ተናገረች።

«የለኝም አባቴ። እስላም ነኝ።»

መነኩሴው መቋሚያቸው ላይ ደገፍ አሉ። ባለጀልባው ገመዱን ማየት ጀመረ።

«ታዲያ በማን ስም ልጸልይ?» አሉ መነኩሴው።

«በእሷ» አለች ጎረቤቴ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። «ስለቱ የእሷ ነው። የታመመች እሷ ናት፤ የተሳልኩ እኔ ነኝ።»

መነኩሴው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ከወሎ ናችሁ?»

«እንዴት አወቁ አባቴ?» አለች አስተማሪዋ።

«ሌላ ማን ያደርገዋል» አሉ። ፊታቸው ፈታ አለ። ክርስትና ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ድምፄ አነሰባቸው መሰለኝ እንደገና ጠየቁኝ።

ጎረቤቴ ቃሏን ነገረቻቸው። አስገባ የሚለውን ነገር አስተማሪዋ አብራራች፤ እሳቸውም በትዕግሥት ሰሟት። ቀጥላም ጎረቤቴ ያስጨነቃትን ጠየቀች፦ በእጄ ብያለሁ፣ እግሬ ደግሞ አይፈቀድለትም፣ ምን ይሻለኛል?

«እጅ ነው ያልሽው» አሉ መነኩሴው። «እግር አላልሽም። እግርሽ ጀልባው ውስጥ ይቆይ፤ እጅሽን ዘርጊ። እኔ ከእጅሽ እቀበላለሁ። ከእጅሽ ወጥቶ ከገባ፣ በእጅሽ ገባ።»

ጎረቤቴ ጉልበቷ ያማታል። መሬት ላይ እንኳ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። መጋረጃውን ከፌስታሉ አውጥታ ቆመች። ባለጀልባው በመቅዘፊያ ወደ ድንጋዩ አስጠጋን። እኔ ከኋላዋ ተንበርክኬ ወገቧን በሁለት እጄ ያዝኩ። አስተማሪዋ የእኔን ሰደርያ ከኋላ ጨበጠች። ጎረቤቴ እጇን ዘረጋች፤ መነኩሴውም ዘረጉ። ልክ ሊነካኩ ሲል ጀልባዋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ቀስ በል አንተ» አለች አስተማሪዋ።

«ውሃው ነው እማማ፣ እኔ አይደለሁም።»

እንደገና አስጠጋን። አሁንም ሸሸች። ጎረቤቴ ልትቀመጥ ነው ብዬ አሰብኩ። «ያዝኩሽ» አልኳት። «እንዳትለቂኝ» አለች። በሦስተኛው ባለጀልባው መቅዘፊያውን ድንጋይ ሥር ወትፎ ጀልባዋን አቆመልን። ጎረቤቴ ከወገቧ በላይ ወደ ውጭ ተዘረጋች፤ ክብደቷ ሁሉ በእኔ ክንድ ላይ ሆነ። ጠባሳዬን አመመኝ። አልለቀቅሁም። የመጋረጃው ዘርፍ ውሃውን ነካ፤ መነኩሴው ደግሞ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ወዲያው አልተቀመጠችም። እጆቿ ባዶ ሆነው እንደተዘረጉ ቆየች። መነኩሴው ጨርቁን ዘረጉት፤ አረንጓዴው በፀሐይ ታየ። ዘርፉ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ረጠበብዎ፣ አፉ ይበሉኝ» አለች።

«የጣና ውሃ ነው። ምንም አይደል» አሉ። «የሰፋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለበዓሉ እንሰቅለዋለን።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ጎረቤቴ።

«አሜን» አሉ መነኩሴው፤ መጋረጃውን በክንዳቸው አድርገው ደረጃውን ወጡ። ከዛፎቹ ጀርባ እስኪሰወሩ ድረስ አየናቸው። ባለጀልባውም ሞተሩን ቶሎ አላስነሣም፤ ይህንን አስታውስለታለሁ።

ከደሴቱ ስንመለስ ጎረቤቴ አግዳሚው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰደርያውን እንደለበሰች። አስተማሪዋ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት፤ ከዚያ የራሷን ጉልበት እያሸች «ዛሬስ እኔም ሠርቻለሁ» አለች። ማንም አልተቃወማትም።

ከሰዓት በኋላ ባለጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወሰደን። ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር። ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ዳርና ዳሩ ደንገል ነው፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከአፋፍ ሆነን የምንፈራው ያ ወንዝ መሆኑን ባለጀልባው ባይነግረን አላውቀውም ነበር። ጎረቤቴ ነቅታ እጇን ውሃው ውስጥ አስገባች፤ ሞቅ ያለ ነው አለች። እኔም አስገባሁ። ሙቅ ነበር።

የቀሩትን ቀኖች በሽርሽር አሳለፍን። ውሃውን አልፈራሁም። ዳግመኛም ዓሣ በላን፣ አሁንም ከአንድ ሳህን። በዕድሜዬ ከተሰጡኝ ጥሩ ቀኖች ውስጥ እነዚያን እቆጥራቸዋለሁ።

አስተማሪዋ ልጇ ዘንድ ጥቂት ልትቆይ ቀረች። እኔና ጎረቤቴ በአውቶቡስ ተመለስን። የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን በእኛ በኩል ሽቅብ ስንወጣ ጎረቤቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ታች ያለውን ውሃ ታይ ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ልላት አስቤ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ፣ ከአልጋዬ ሥር ስላነጠፈችው ምንጣፍ። አጠገባችን ሰው ነበር። ደግሞ መንገዱ ይንገጫገጫል።

መካነ ሰላም ስንደርስ ፀሐይዋ እየገባች ነበር። ከመናኸሪያው ዕቃችንን ይዘን በእግራችን መጣን። በሯ ላይ ስንደርስ ቁልፏን ከጉያዋ አወጣች።

«ግቢና ቅመሽ።»

«መሽቷል፤ አንቺም ደክሞሻል።»

«እንግዲያውስ አፉ በይኝ» አለች። በእኛ አገር አብረው መንገድ የወጡ ሰዎች ሲለያዩ እንዲህ ይባባላሉ፤ በመንገድ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ ማለት ነው። እሷ ግን ነገሩን በዚያ አልተወችውም። «ሳልጠይቅሽ በነፍስሽ ተሳልኩ። ለማታውቂያቸው ሰው ስምሽን አስነገርኩሽ። ይኼ ይከብደኝ ነበር።»

«አፉ ብያለሁ» አልኳት። «አንቺም አፉ በይኝ።»

«አንቺ ደግሞ ለምኑ?» አለች።

መንገዱን ሙሉ ልላት ያሰብኩትን አሁንም ሳልላት ሻንጣዬን አነሣሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።